ቸኮል ሩሯን የመለሳት ማታ

እሳቱን ቆስቁሱና ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ተዘግቷል? እንግዲህ ስሙ።

ድሮ ነው፣ በአንድ መንደር። የገና ዕለት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ቸኮል የሚባል ሰው ብቻውን በገና መጫወቻው ሜዳ በኩል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተጫዋቹ ሁሉ ገብቷል። ሜዳው ጭር ብሏል።

ቸኮል ያን ሜዳ ይፈራዋል። ለምን አትሉኝም? ከዓመታት በፊት እዚያው ሲጫወቱ፣ ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ መታሁ ብሎ የሰነዘረው ዱላ የጓደኛውን የውብነህን ማጅራት አገኘው። ውብነህ እዚያው ቀረ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ሽማግሎቹም ይህንኑ ብለው ደም የለበትም አሉ። የውብነህ እናት እማማ የሺመቤት ሌላ ልጅ የላቸውምና ቸኮልን ከቤታቸው አስገብተው ልጄ ሁን አሉት። ያርስላቸዋል፣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግረውት አያውቁም። እሱ ግን ምነው በተቆጡኝ ይል ነበር። ያልተቆጣን ሰው ምን ብለው ይቅርታ ይጠይቁታል?

እና ያን ማታ መሃል ሜዳ ሲደርስ፣ ቋ! የዱላ ድምፅ። ዞር አለ። ማንም የለም። ሄደ። ቋ! አሁንስ ማን ይመስላችኋል? ሩሯ ተንከባልላ መጥታ እግሩ ሥር ቆመች። ከዚያ ነጭ ጋቢ አየ። ከዚያ ዱላ የያዘ እጅ አየ። ከዚያ ፊቱን አየ።

«ቸኮል፣ መልሳት እንጂ» አለው ውብነህ።

ቸኮል አለቀሰ። «የመታሁህ እኔ ነኝ። አንተ እንኳ ተቆጣኝ።»

«ምን ያስቆጣኛል? ብቻዬን መጫወት ሰለቸኝ እንጂ።»

እማማ የሺመቤት እራት አቅርበው እየጠበቁት ነው። ቸኮል ይህን ያውቃል። ወደ ቤቱ አየ፣ ወደ ጓደኛው አየ። ምን ያድርግ? አንጀቱ አልችል አለውና ሩሯን መለሰለት።

በማግስቱ መሃል ሜዳ ላይ፣ ውብነህ ከሞተበት ቦታ፣ የቸኮልን በድን አገኙ። ቁስል የለበትም፣ ጭረት የለበትም።

እማማ የሺመቤትን ሴቶች ደግፈው አመጧቸው። ቆጣ ብለው የማያውቁት ሴት ያን ለት ባዶው ሜዳ ላይ ተቆጡ። በማን? በገዛ ልጃቸው።

«ውብነህ! አንተን ሲነጥቀኝ ዝም አልኩት። እሱን ስትነጥቀኝ ግን አልምርህም። አሁን ማን ቀረኝ?»



ስለዚህ ልጆቼ፣ በገና ማታ ብቻችሁን አትሂዱ። ሩር ተንከባልላ ብትመጣባችሁም አትመልሱ። የሞተ ጓደኛ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። እቤት የሚጠብቃችሁ ሰው ግን ገና አልሞተም።