በሦስተኛው ማይክ ላይ የቀደመኝ ትንፋሽ

ስሜ ይታይሽ ነው፣ በእንዲህ ያለ ወሬ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ከተማችን ወገዳ ላይ ‹ሙት በስሜ ጠራኝ› የሚል ሰው ሲመጣ ‹የጠራህ ጠላው ነው› ብዬ የምመልስ፣ ወንዝ ዳር ጥላ አየሁ የምትለዋን ‹ጥላሽን ነው ያየሽው› የምል። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ አረጀች፣ ጆሮዋም ከዳት እንዳትሉ፣ ጆሮዬ የጎረቤትን ሹክሹክታ ከግድግዳ ማዶ ይሰማል፣ እመኑኝ፣ ስንቱን ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። የአባቷን ስም አልጠራም፣ ዘመዶቿ አሉ፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች፣ ነፍሷን ይማር ብያለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁብኝ። በየሰርጉ አብረን እንዘፍን ነበር፣ እኔ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ። ግጥሙን የማወጣው፣ ዜማውንም ቀድሜ የምጀምረው እኔ ነኝ፣ እሷ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተቀብላ ትመልሳለች፣ አገራችን ስማዳ ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፣ ወይም ሊያውቀው ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ የአገር ዘፈን የሚቀርጹ ሰዎች መጡና አንድ ማይክ ለሁላችንም አቆሙ፣ እሷ ረጅም ስለነበረች ማይኩ በእሷ አፍ ልክ ሆነ፣ በኋላ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲወጣ ‹ጥሩወርቅና ጓደኞቿ› ተባለ። ጓደኞቿ እንግዲህ እኔ ነኝ። ‹ኧረ ተሳስተዋል› ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለችም፣ እንዲያውም ሰው ሲጠይቃት ‹ዜማው የኔ ነው፣ ይታይሽ ከኔ ነው የለመደችው› ማለት ጀመረች፣ እስክትሞትም ቃሏን አልለወጠችም።

ዘንድሮ ደግሞ አንድ ወጣት ዘፋኝ ያንኑ ዜማ አድሶ ‹የጥሩወርቅ ዜማ› ብሎ ለቀቀው፣ በየስልኩ ይሰማል። ያሰማችኝ የወንድሜ ልጅ ሰብለ ናት። ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩና ጠዋት “ንፋስ መውጫ ከተማ ስቱዲዮ አለ ብለሽኝ ነበር፣ ውሰጂኝ” አልኳት። በራሴ ድምፅ፣ በራሴ ስም ካላስቀረጽኩት እኔም ስሄድ የሚከራከርልኝ የለም፣ ውሸቱ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ስቱዲዮው ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጦ የራስን እርምጃ እንኳ ትውጣለች። ባለቤቱ ደሳለኝ ሳቂታ ጎልማሳ ነው።

“እትዬ፣ መጀመሪያ ለድምፅዎ የሚስማማ ማይክ እንምረጥ” አለኝ።

“ማይክ ማይክ ነው።”

“ጫማም ጫማ ነው፣ ግን የሰው ጫማ ያደርጋሉ?”

“የሰው ዜማ የሚያደርጉ አሉ” አልኩት።

ሰብለ ከጥግ “ይኸው ጀመሩ” አለች።

በመጀመሪያ በመድረክ ላይ በእጅ የሚያዘውን ሰጠኝ። ዘፈንኩ፣ መልሶ አሰማኝ፣ ድምፄ ጋቢ ተከናንቦ የሚመጣ ይመስላል። ሁለተኛው አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሲያሰማኝ ግን ‹ሰ› ባልኩ ቁጥር ምስማር ቆርቆሮ ሲፍቅ ሰማሁ።

“ይህኛው አይሆንዎትም” አለ ደሳለኝ። “ድምፅዎ ቀጭን ነው፣ ስለት አለው፣ ማይኩ ደግሞ በስለት ላይ ስለት ይጨምራል። የሚያምረው ለወፍራም ድምፅ ነው።”

“የኔ ድምፅ ምን ስለት አለው?”

“አንደበትዎን ሰምቶ ነው” አለች ሰብለ።

ደሳለኝ እየሳቀ ከቁም ሳጥን ሦስተኛውን አወጣ፣ ባሕር ዳር ከተዘጋ ስቱዲዮ የገዛው፣ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ማይክ ነው፣ ስለታም ድምፅ ያለዝባል አለ። አንድ ስንዝር ያህል አራቀኝና ዘፈንኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሲያደርግልኝ የሰማሁት የወጣትነት ድምፄን ነው፣ አላጋነንኩም፣ ሰርግ ቤት ያቆም የነበረውን ያንኑ ድምፅ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ግን እንግዳ ፊት አላለቅስም።

“ትንፋሽዎ ብቻ ትንሽ ያፏጫል፣ ፍንጭት ነዎት እንዴ?” አለ ደሳለኝ።

አይደለሁም። ጥርሴ ግጥም ያለ ነው፣ እግዜር ይመስገን ዛሬም አለ። ፍንጭቷ፣ ከጎኔ ቆማ አየር ስትስብ የምታፏጨው ሌላ ሴት ነበረች፣ ለደሳለኝ ግን ስሟን አላነሳሁም። “ድገምልኝ” አልኩት። ደገመልኝ። ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት በጥርስ መካከል የሚሳብ ትንፋሽ አለ፣ ቀጭን ፉጨት ያለው፣ ከእሱ ቀጥሎ የኔ ትንፋሽ፣ ከዚያ የኔ ድምፅ። ሁለት ትንፋሽ ነው፣ በደንብ ሰምቻለሁ።

ደሳለኝ ገመድ ቀየረ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ ሰብለንም ወደ ፀጉር ቤቱ አስወጣት፣ “እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ” እያለች ወጣች። እንደገና ብንቀርጽ ፉጨቱ አሁንም አለ። ወደ ሁለተኛው ማይክ ተመለስን፣ የለም። ሦስተኛውን መልሰን ተከልን፣ አለ። “ስላረጀ ይሆናል” አለ፣ ሳቁ ግን ጠፍቶ ነበር።

እኔ ለራሴ፣ ዘፈኑ የድሮ ስለሆነ ጆሮዬ የለመደውን እየጨመረበት ይሆናል አልኩ፣ እንግዲያስ ማንም ያልሰማውን ልሞክር ብዬ እዚያው ቆሜ በልቤ አዲስ ግጥም ገጠምኩ፣ አፌን እንኳ አላንቀሳቀስኩም፣ ከዚያ “ቅረጽ” ብዬ ለቀቅሁት፦

ገብሱን የዘራሁት እኔ በዚያ ማሳ፣
ነዶው ሲሸከሙት ዘሪው ሰው ተረሳ።

ደሳለኝ መልሶ አዳመጠና “እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ጀመሩ እኮ፣ ‹ገብ› ብለው አቋረጡና እንደገና ‹ገብሱን› አሉ” አለኝ።

“አላቋረጥኩም።”

“እኔም ሲያቋርጡ አላየሁም” አለ ቀስ ብሎ።

ማዳመጫውን ተቀበልኩት። ያ ትንፋሽ መጣ፣ ፉጨቱ መጣ፣ ‹ገብ› አለ፣ ከዚያ እኔ ‹ገብሱን› አልኩ። ያን ጊዜ ቃሉ ያለው በኔ ልብ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ሌላ የትም አልነበረም።

“በሁለተኛው እንቅረጸው ይሆን?” አለ ደሳለኝ። “ቢፍቅም የሚሰማው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው።”

አሰብኩበት። በሁለተኛው ብቻዬን ነኝ፣ ግን የምትንጫጫ አሮጊት ነኝ፣ ሰውም ሰምቶ ‹ይህችማ ከሌላ ለምዳ ነው› ይላል። በሦስተኛው ግን ድምፄ የራሴው ሆኖ ይሰማል።

“በዚሁ ነው የምዘፍነው” አልኩት። “ለእሷ ብዬ የሚያምርብኝን አልተውም።”

“እሷ ማን ናት?”

“ቅረጽ።”

ቀረጸ፣ ያንን ትንፋሽም ከየስንኙ ፊት እየቆረጠ ጣለው፣ ዘፈኑም በስሜ ወጣ፣ ከስሜ ጎን የማንም ስም የለም። ጥሩወርቅ ብትሰማ ምን እንደምትል ግድ አልነበረኝም።

ባለፈው እስቴ ወረዳ ሰርግ ተጠራሁ፣ ዘፈኔን በድምፅ ማጉያ ከፈቱት፣ እኔም ኮራ ብዬ ተቀምጫለሁ። ከሙሽራው ወገን የሆኑ፣ እኔን የማያውቁ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ሆነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና “ተቀባይዋ ድምፅዋ ሸጋ ነው፣ አውጪዋን ምነው ጸጥ አደረጓት?” አሉኝ።

“አውጪዋ እሷው ናት፣ እናቴ” አልኳቸው።

“ኧረ ተይ ልጄ፣ ሰው እያስቀደመች እኮ ነው የምትገባው።”

ደሳለኝን ስጠይቀው ትንፋሹ ሲቆረጥ የቀረች ክፍተት ናት አለኝ፣ ሊዘጋት ቢሞክር ምቱ እየተበላሸበት ትቷታል።

ዜማው የኔ ነው፣ በማንም ፊት እላለሁ፣ አሮጊቷም ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል። ትናንት ግን ብቻዬን ምስር ስለቅም ላንጎራጉረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ከፍቼም ፉጨቱን ጠበቅሁ።