ስድስት ሊትር የባትሪ ውሃ

ቲቸር ገብረሥላሴ የሞቱት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሎዛ ገዳይ ተብላ ታስራለች። ኢንስፔክተር ከውሰር ከሰመራ ተነስታ፣ አዳይቱንና ገዋኔን አልፋ፣ አቧራዋን ጠጥታ አዋሽ ሰባት ኪሎ እስክትደርስ ድረስ ከተማው ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ሳጅን እንድሪያስ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ነገ ሴትዮዋን ይዘዋት ይመለሳሉ፣ በቃ።»

«ካለቀ እኔን ምን አስጠራኝ?»

ሳጅኑ የመኪናዋን በር ከፈተላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ከውሰር ደግሞ ያለቀ ነገር ሲሏት ከመጀመሪያው የምትጀምር ሴት ናት።

ሬሳው የተገኘው ከባቡር ጣቢያው ሠፈር፣ ከቲቸር ቤት ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ቲቸር የፊዚክስ መምህርና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ያዥ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ለከባድ መኪና ሾፌሮች የባትሪ ውሃ ያጣራሉ፤ የአዋሽ ውሃ ጨው ስላለበት ባትሪ ይገድላላ። ዕቃቸው ቀላል ነው፦ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የተጣደ ክዳናም በርሜል፣ እንፋሎቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳልፎ የሚያወጣ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ሥር ባለሁለት ሊትር ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ ሥር ሳፋ። ሰውየው በትልቅ የቧንቧ መፍቻ ማጅራታቸውን ተመትተው እዚያው ወድቀዋል።

«ሎዛ የምትሸጠውን ጠርሙስ ልትወስድ ረቡዕ በአሥር ሰዓት ገባች። ጎረቤት አይቷታል» አለ ሳጅኑ። «ሬሳ አይታ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰለዎት? የምድጃውን ሶኬት ነቀለች! ከዚያ ነው የጮኸችው። ንጹሕ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«ሐኪሙስ መቼ ሞቱ አለ?»

«ክፍሉ ከምድጃው የተነሳ እንደ እቶን ግሎ፣ ሬሳውም ሳይቀዘቅዝ ነው የደረሰው። ሰዓቱን መናገር አልችልም አለ።»

ከውሰር ጎንበስ አለች። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞልቷል። ሳፋውም ውሃ ይዟል። በመለኪያ ጆግ እየቀዳች ለካችው፤ ስድስት ሊትር ሞላ። ከሳፋው አንድ ጠብታ፣ ከሠፈሩ የቧንቧ ውሃ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋ ፀሐይ ላይ አደረቀቻቸው። የሠፈሩ ውሃ ነጭ ምልክት ተወ፤ የሳፋው ምንም። የተጣራ ውሃ ነው ማለት ነው፤ ሰው የጨመረበት አይደለም።

ሎዛ እስር ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በመኪና ማቆሚያው የቲቸርን የባትሪ ውሃ እየሸጠች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፣ ማታ ማታ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች።

«ሶኬቱን ለምን ነቀልሽ?»

«እንጃ። ውሃው ሳፋው ላይ ሲፈስ አየሁ፣ እጄ ቀደመኝ። ቲቸር አንዲት ጠብታ ሳፋ ከነካች ይደፏታል እኮ፤ ለሰው አልሸጥም ይላሉ። ጠርሙሱ ሊሞላ ሲል ከአጠገቡ ንቅንቅ አይሉም።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ልጆቼ ያሉት ጎረቤት ዘንድ ነው። እናታችሁ ሰው ገደለች ብለዋቸዋል አሉ። ወደ ሰመራ ከወሰዱኝ ማን ያሳድግልኛል?»

ከውሰር ከሎዛ ቦርሳ የተገኘውን የፊዚክስ ደብተር ከሳጅኑ ተቀብላ ወጣች። ሳጅኑ የማይረባ ነው ብሎ ወርውሮት ነበር።

የሟች የእህት ልጅ በለጠ በሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ ለጥየቃ መጥቶ ረቡዕ ሄዷል፤ መርዶ ሲሰማ ተመልሶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«በሰባት ሰዓት ስወጣ ደህና ነበሩ። ሳፋውን በጨርቅ አድርቀው፣ ባዶ ጠርሙስ አስቀምጠው፣ ምድጃውን ገና መሰካታቸው ነበር። የገዋኔ ሚኒባስ ውስጥ ያየኝ ሰው ሞልቷል።»

«ከዚያ በፊት ማን መጣ?»

«ማንም። ከጠዋት ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

የጋራዡ ባለቤት ሙእሚን ሰኞ ዕለት ከቲቸር ጋር በተበላሸ ባትሪ ሰበብ ተጯጩኸዋል። መጀመሪያ ረቡዕ አላየኋቸውም አለ፤ ከውሰር የት እንደዋለ ሰዓት በሰዓት ስትጠይቀው ተረታ።

«ወላሂ፣ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ አውፍ፣ ይቅር በሉኝ ልላቸው ሄጄ ነበር። ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም። ተቀይመውኛል ብዬ ተመለስኩ። ሞተዋል ሲባል ፈራሁ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ከውሰር የሳፋውን ውሃ በጄሪካን አሸገችና ምድጃውን ራሷ ሰክታ፣ ሰዓቷን ይዛ ጠብታ ስትቆጥር ዋለች። ሳጅኑ ሙቀት ናላዋን ነካው ብሎ ሳይጠረጥራት አልቀረም።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሎዛ በካቴና ነው የመጣችው።

«ሳፋው ላይ ስድስት ሊትር ፈሷል» አለች ከውሰር። «አቶ በለጠ፣ ሳፋው በሰባት ሰዓት ደረቅ ነበር ብለዋል። ምድጃው የተነቀለው በአሥር ነው። ሦስት ሰዓት ይበቃዋል?»

«ይበቃዋላ፤ ኃይለኛ ምድጃ ነው።»

ከውሰር ከኪሷ ደብዳቤ አወጣች። «ይህን ከአጎትዎ መሳቢያ አገኘሁት። የእርስዎ መሥሪያ ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትዎን አረጋግጡልን ብሎ ለትምህርት ቤቱ የጻፈው ነው። ፊዚክስ ዘጠና አንድ ይላል። እንግዲያው ይንገሩኝ፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ስንት ኃይል ይፈጃል?»

«ከተማርኩት ቆይቷል፤ ረስቼዋለሁ» አለ በለጠ። ከውሰር ዞር አለች።

«ሎዛ?»

«ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎጁል» አለች ሎዛ አቀርቅራ። «ምድጃው አንድ ሺህ ዋት ነው፤ በሰከንድ አንድ ኪሎጁል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ምንም ሙቀት ካልባከነ።»

«ደብተርሽ ላይም እንዲሁ ነው። ስድስት ሊትር ሲሆን ሦስት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ። ትናንት በተግባር ስለካው በሊትር አርባ አምስት ደቂቃ ወስዷል፤ እኔ ግን ለአቶ በለጠ በሚያደላው ልሂድ። ረቡዕ መብራት አልጠፋም። ከአሥር ሰዓት ወደ ኋላ ስንቆጥር ጠርሙሱ ሞልቶ መፍሰስ የጀመረው ቢዘገይ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሳጅን፣ ሶኬቱን በመንቀሏ ነው የጠረጠርካት፤ እሷ ባትነቅለው ግን የምንቆጥርበት ሰዓት አይኖረንም ነበር።»

ሳጅኑ ከሎዛ ጎን ለቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ቲቸር በሕይወት ቢኖሩ ጠርሙሱን ይቀይሩ ነበር። አልቀየሩም። ስለዚህ በስድስት ሰዓት ከሩብ ወድቀው ነበር፤ አቶ ሙእሚን በስምንት ሲያንኳኩ መልስ ያጡትም ለዚህ ነው። እርስዎ ግን አቶ በለጠ፣ እስከ ሰባት ሰዓት አብሬያቸው ነበርኩ፣ ሌላ ሰው አልገባም ብለዋል። ከእርስዎ በኋላ ሥራ ላይ እያሉ የሞቱ እንዲመስል ምድጃውን እንደበራ ትተው ሄዱ። ውሃው ይቆጥርብኛል ብለው አላሰቡም።»

በለጠ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «የውጤት ወረቀቴ ሐሰተኛ ነው፤ ልክ ነው ብለው እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው» አለ በመጨረሻ። «እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መዝገብ ላይ የሌለ ውጤት አልጽፍም፣ ሎዛ በሠላሳ አራት ዓመቷ እየተማረች ላንተ አላጭበረብርም አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ።»

ሙእሚን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ገፍቼ ብገባ ይተርፉ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ከውሰር። ልታጽናናው ብትችል ደስ ባላት፤ ግን በእውነት አታውቅም ነበር።

በለጠ ከተወሰደ በኋላ ሳጅን እንድሪያስ የሎዛን ካቴና ፈታ። ይቅርታ አድርጊልኝ አላት፤ አንዴም ሁለቴም። ሎዛ የእጇን አንጓ አሻሸች።

«እኔን ይቅርታ መጠየቁ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። «ያሰርከኝ ሠፈሩ ሁሉ እያየ ነው። አሁንም እያየ ወደ ቤቴ ትወስደኛለህ። ልጆቼን፣ እናታችሁ ማንንም አልገደለችም ብለህ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ሳጅኑ ከውሰርን ተመለከተ። ከውሰር በአገጯ በሩን አሳየችው። ሳጅኑ ቆቡን አውልቆ በብብቱ ያዘና፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ በቆመበት መንገድ ከሎዛ ጎን መራመድ ጀመረ።