ከቀረጥ ነጻ የገባ ብርድ ልብስ

ሰውየው የይለፍ ቃሉን አንዲት ፊደል አላዛነፈም።

«እህቴ፣ ይህ ጥለት የደብረ ብርሃን ነው?»

ሎዛ የባለሱቁን ነጠላ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች። ዓርብ ነው፤ ሰባት ሰዓት። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ሸማ ተራ መተላለፊያ የለውም። «የለም፣ የዶርዜ ነው» ማለት ነበረባት። ከዚያ የለበሰችውን ነጠላ አውልቃ «ጫፉ ተተርትሯል፣ አስጠግንልኝ» ብላ ትሰጠዋለች። በጠርዙ ውስጥ አምስት ስስ ወረቀቶች ተሰፍተዋል። ዘዴው የራሷ ነው። ወደ ቀጠሮው የላካት አለቃዋ የሚያውቀው ቦታውን፣ ሰዓቱንና ቃሉን ብቻ ነበር።

አፏን ልትከፍት ስትል ሰውየው ጨመረ።

«ቶሎ በይ፣ ቸኩያለሁ።»

በአፍንጫው ነው የሚናገረው፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

ድምፁን ታውቀዋለች።

ሰባት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ በምትሠራበት መጋዘን ስልክ ሰምታዋለች። «ጋሼ ደመቀ ገብተዋል?»

«ተሳስተሃል» አለች። «እኔ ገዢ ነኝ።»

ሰውየው ክንዷን እንደ ወንድም ያዘና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ትርሲት ልበልሽ ወይስ ሎዛ? እናትሽ አሁን ኮልፌ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በራቸው ላይ የእኛ ሰው ለስላሳ ይጠጣል። ብትጮሂ አንድ ስልክ ይበቃናል።»

ከሥራዋ ሰዎች መካከል እናቷን የሚያውቀው አለቃዋ ብቻ ነው። ካሳ።

አልጮኸችም።

ዘጠና ዓመተ ምሕረት ነበር። ሎዛ ስውር መርማሪ ናት፤ በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ «መርፌ» ትባላለች፤ በመርካቶ ደግሞ የአቶ ደመቀ መጋዘን ጸሐፊ፣ ትርሲት። የቅርብ አለቃዋ ካሳ ሥራውን ያስተማራት ሰው ነው። ከካሳ በላይ ደግሞ «አባወራው» የሚሉት ኃላፊ አለ።

የተላከችበት ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። የሃይማኖት ማኅበራት ለበጎ አድራጎት የሚያስገቡት ዕቃ ቀረጥ አይከፈልበትም። «የማርታ ደጅ» የሚባል አንድ መንፈሳዊ ማኅበር ሰማንያ አራት ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችን ይጦራል። በዚህ ማኅበር ስም በየወሩ ብርድ ልብስ ይገባል። የሚራገፈው ግን ደመቀ መጋዘን ነው፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ይሸጣል። በነጠላዋ ጠርዝ የሰፋቻቸው ወረቀቶች መኪኖቹ የት እንዳራገፉ ሾፌሮቹ የፈረሙባቸው ናቸው።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባህረዲን የሚባል የስልጤ ነጋዴ አለ። ቀረጡን ከፍሎ ብርድ ልብስ ሲሸጥ ሃያ ዓመት ኖሯል። አሁን መደርደሪያው አቧራ ጠጥቷል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የኛም መስጊድ ምንጣፍ ያለ ቀረጥ ገብቶለታል፤ አልሐምዱሊላህ፣ እሰግድበታለሁ። ምንጣፉ መስጊድ ከተነጠፈ ሐላል ነው። ሱቅ ከተነጠፈ ግን እኔን ማረድ ነው።» ጥቆማውን ለአባወራው የሰጠው እሱ እንደሆነ ሎዛ ታውቃለች። ካሳ አያውቅም። አባወራው ሲልካት «መንገድ ሁሉ ከተዘጋብሽ ባህረዲን አለ» ያላት ለብቻዋ ነበር።

የመጋዘኑ የብረት በር ከኋላዋ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

በጣውላ የተከፈለችው ቢሮ ውስጥ ደመቀ ወንበሩ ላይ ተለጥጧል። ድምጸ ጉንፋኑ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ማበጠሪያ፣ መሀረብ፣ የታክሲ ሳንቲም። ሌላ ምንም።

«የት ደበቅሽው?» አለ ደመቀ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

በሩ አጠገብ አንድ ሰው ሳቀ። ካሳ ነበር። የሁልጊዜውን ቡናማ ኮት ለብሷል።

«አትድከሚ፣ ሎዛ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ከመግባትሽ በፊት። አባወራው ሰው ካላስገባን ብሎ ያዘኝ። እንግዲህ የሚገባው የእኔ ሰው ይሁን አልኩ። የላክሽው ሪፖርት ሁሉ ከመሳቢያዬ አልወጣም።»

ሰባት ወር። በየሳምንቱ የጻፈችው፣ በፍርሃት ያሸጋገረችው። የምትይዘው ነገር ፈልጋ የጽሕፈት መኪናዋን ያዘች።

ደመቀ ሰዓቱን አየ። «የሷን ነገር ኋላ። የማኅበሩ አሮጊት እየመጡ ነው። የአዲሱ ፈቃድ ደብዳቤ ዛሬ ካልገባ ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን ያድራል። ተቀመጪና ጻፊ። እንደ ወትሮሽ። ፊትሽ ከተለወጠ እናትሽን አስቢ።»

ተቀመጠች። ድምጸ ጉንፋኑ በሩን ተደግፎ ቆመ። መስኮት የለም። ከጣውላው ማዶ እስከ ጣሪያው የተከመረ ብርድ ልብስ አየሩን ጠጥቶታል።

ወረቀት አስገባች። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ጉዳዩን መታች። ደመቀ ደብዳቤ ሲያይ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እሱንም አያዩም፤ «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» የሚላቸውን ደመቀን አምነው ይፈርማሉ።

ባለፈው ወር እዚሁ ቢሮ «እትዬ፣ ማኅበር ቀረጥ ቢከፍል ምን ይጎዳል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። አልተቆጡም። «መንግሥት ያላነሳውን ሽማግሌ ከመንገድ ያነሳነው እኛ ነን፣ ልጄ። ሥራውን እየሠራንለት ደግሞ ቀረጥ ይቀበለን?» አሏት። እሳቸውን ወዳቸዋለች፤ ያ ነው ያስቸገራት።

ጣቶቿ መቱ።

«እትዬ፣ በዚህ ፈቃድ የሚገባው ብርድ ልብስ እርስዎ ቤት አይደርስም። ግድግዳው ማዶ ተከምሯል። እኔ ታግቻለሁ። ማስረጃው በነጠላዬ ጠርዝ አለ። ፊት ለፊት ላለው ለባህረዲን ያድርሱልኝ። ኮልፌ ያለችው እናቴም አደጋ ላይ ናት፤ ይንገሩት።»

ቆመች። አንድ መስመር ቀርቷል። ባትጽፈው ይቀል ነበር።

ጻፈችው።

«ይህ ከወጣ የማኅበርዎ ፈቃድ ይሰረዛል። ፊርማው የእርስዎ ስለሆነ እርስዎም ይጠየቃሉ።»

እትዬ ሸዋርካብሽ እያለከለኩ ገቡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ደመቀ ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው። ደብዳቤውን ከሎዛ እጅ ተቀብሎ ቁጥሩን አየና አቀበላቸው።

«እዚህ ላይ ብቻ፣ እትዬ።»

እስክሪብቶ አነሱ።

«እትዬ» አለች ሎዛ። «ዛሬስ አንብበው ይፈርሙ።»

ካሳ ቀና አለ።

አሮጊቷ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አነበቡ። ከንፈራቸው ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ይንቀሳቀሳል። አሮጊቷ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ረዘመሳ» አለ ካሳ። «እስቲ ልየው።»

እጁን ዘረጋ።

እትዬ ሸዋርካብሽ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ማኅተም ያላረፈበት የማኅበር ወረቀት ለማንም አይሰጥም። ለመሆኑ አንተ ማነህ፣ ልጄ?»

ካሳ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ማን ነኝ ይበል?

«ማኅተሙን ረስቼው መጥቻለሁ» አሉ እሳቸው። «አንድ ሰዓት ስጡኝ፣ ላምጣው።»

ሊነሱ ሲሉ ክንዳቸው የሻዩን ብርጭቆ መታው። ሻዩ በነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። «ይኸውልህ እርጅና። እንዲህ ሆኜ መንገድ አልወጣም። ትርሲት፣ ነጠላሽን አበድሪኝ።»

ሎዛ አወለቀች። ስትሰጣቸው ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሻይ የነካውን የራሳቸውን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

«ሽማግሌዎቼ የሚተኙት ጆንያ ላይ ነው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሷ ብቻ። ወጡ።

ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሰጋጆች ከመስጊድ ተመልሰው ሱቆቹ ሲከፈቱ፣ የተሸካሚዎች «ዞር በል፣ ዞር በል» ከውጭ ይሰማል። ሕዝቡ በአንድ ክንድ ርቀት ነው፤ የብረት በሩ ብቻ ነው የለየው። ደመቀ ስለ ወረቀቶቹ ደጋግሞ ጠየቃት። ደጋግማ «አላውቅም» አለች።

ካሳ አይጠይቅም። ያስባል። የሚያስፈራው ያ ነበር፤ ሲያስብ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

«ሴትየዋ መነጽራቸውን ሲያወጡ ቦርሳቸው ውስጥ የእንጨት እጀታ አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «የማኅተም እጀታ።»



ካሳ ወደ ሎዛ መጣ። የለበሰችውን ሻይ የነካው ነጠላ ጫፍ አነሳ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ነጠላሽ» አለ።

ኮልፌ ሊደውል ወደ ስልኩ ዞረ። ሎዛ ቀደመችው። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ወደቀች። ገመዱ ከነመሰኪያው ከግድግዳው ተነቀለ። ድምጸ ጉንፋኑ በቡጢ መታት፤ ከዚያ በወንበር። ግራ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ።

በዚያው ቅጽበት የብረት በሩ ተደበደበ።

«ክፈቱ። ፍተሻ ነው።»

ባህረዲን አሮጊቷ የሰጡትን ነጠላ በገዛ መኪናው ይዞ አባወራው ጋ ገብቶ ነበር። ኮልፌ የቆመው ሰው ቀድሞ ተይዟል። ደመቀ እጁን ሰጠ። ካሳ በጓሮ ዘሎ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሲደርስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ተያዘ።

ሥራው ተሳካ። በመዝገቡም እንዲሁ ተጻፈ።

የማርታ ደጅ ፈቃድ በሳምንቱ ተሰረዘ። ሽማግሌዎቹ ሐምሌ ሳይገባ ተበተኑ፤ ጥቂቱ ወደ ዘመድ፣ የቀሩት ወደተነሱበት መንገድ። እትዬ ሸዋርካብሽ ስድስት ደብዳቤ ላይ ፈርመዋልና ተከሰሱ።

ሎዛ አባወራው ቢሮ ሄደች። አሁን የምትሰማው በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱን በቀኟ አድርጋ ተቀመጠች።

«ልመስክርላቸው።»

«በማን ስም?»

«በትርሲት።»

«ትርሲት የምትባል ሴት የለችም» አለ አባወራው። ድምፁ ክፉ አልነበረም። «ፍርድ ቤት ከቆምሽ ሌሎች ስድስት ሰዎቼ ይጋለጣሉ።»

«የመጨረሻ ሪፖርቴ ላይ አንድ ገጽ ጨምሬ ነበር። ከቀረጥ ነጻ መብቱ አይቅር፣ ዕቃው ግን ለሽማግሌው እስኪደርስ ሰው ይከተለው ብዬ።»

«አንብቤዋለሁ። ከላይ ያሉት ግማሾቹ ለማንም ሃይማኖት ነጻ መብት አይገባም ይላሉ፤ ግማሾቹ አይነካብን ይላሉ። ያንቺን ገጽ የሚፈልገው የለም። አወጣሁት።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። ዳኛው ማስረጃውን ማን እንዳወጣው ሲጠይቁ «አላውቅም፣ አንዲት ልጅ ነበረች» ብቻ አሉ፤ ስሟን አላነሱም። ባህረዲን በየዓርቡ ስንቅ ይዞላቸው ይሄዳል ሲሉ ሰማች። የሱቁ ብርድ ልብስም ዳግም መሸጥ ጀምሯል።

እናቷን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛወራቸው። የት እንደሆኑ ለእሷም አልተነገራትም።

በነሐሴ አንድ ዝናባማ ጠዋት ፀጉሯን አሳጥራ፣ አዲስ መታወቂያ ይዛ አውቶቡስ ተራ ገባች። የሞያሌው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ከግራዋ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ነገር ጠየቋት፤ አልሰማችም። ዞር ብላ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

«ስምሽን ነው፣ ልጄ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እየተጫወትን እንድንሄድ።»

መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ማስታወስ ነበረባት።

«አስካለ» አለች።

«የማን ልጅ?»

አውቶቡሱ ተነሳ። ሎዛ የማታውቀውን ሰው ስም የአባቷ አድርጋ ተናገረች። ሴትዮዋም ደስ ብሏቸው፣ በዚያ ስም የሚያውቁትን ሰው ሁሉ እያነሱ ይጠይቋት ጀመር።