ሐሙስ እስኪደርስ

ኢልሀም እህቷን መስኡዳን ከተቀየመቻት ዓመታት አልፈዋል። ቂሙ የተጀመረው መስኡዳ ዩኒቨርሲቲ በገባች በጥቂት ወር ሻንጣዋን ተሸክማ ሐይቅ ከተማ የተመለሰች ቀን ነው። ለምን መጣሽ ስትባል «አልተስማማኝም» አለች። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «የተመለሰችው» ይላት ጀመር። ኢልሀምም ትምህርት ቤት ውስጥ የተመለሰችው እህት ሆና ቀረች። ሒሳብ የደፈነች ቀን እንኳ አንዱ ከኋላ ወንበር «ምን ዋጋ አለው፣ ይቺም ሄዳ ትመለሳለች» ብሎ ክፍሉን አስቆባታል። የዚያ ሁሉ ጥፋተኛ፣ በእሷ ቤት፣ መስኡዳ ነበረች።

አሁን ተራው የእሷ ደረሰ። ዓርብ ዕለት ጥሪው ስልኳ ላይ ወጣ፤ አዲስ ተማሪዎች ሰኞና ማክሰኞ ይግቡ፣ ረቡዕ በአዳራሽ ገለጻ ይሰጣል። ሩቅ አገር ስለሆነ ከእሁድ ማለፍ አይቻልም።

እናታቸው አሚናት ሰምታ ስታበቃ፣ ሐሙስ ወደጃ ሳይቀመጥ ልጅ ከዚህ ቤት አይወጣም አለች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ሼህ እንድሪስ ዱአ አድርገው ካልመረቁ መንገዱ መንገድ አይሆንም። ቀኑም አይለወጥም፤ ወደጃ በዚያ ቤት ሐሙስ ነው፣ አለቀ። ኢልሀም ስለ ገለጻው ብትነግራት «ወሬ አይደል እንዴ? የሰሙት ይነግሩሻል» ብላ አሳጠረችው።

ኢልሀም እየተንጨረጨረች ሐይቁ ዳር ወረደች። መስኡዳ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር ተቀምጣ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። ከተመለሰች ወዲህ ሥራዋ ይሄ ነው።

«በአንቺ የተነሳ ነው እማ ሐሙስን ጠብቂ የምትለኝ» አለቻት እንደቆመች። «እንዳንቺ እንዳልሆን ፈርታ።»

የመስኡዳ ቢላ ቆመ። «ገለጻው መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«የእኔም ረቡዕ ነበር።»

ከዚያ ቀና ሳትል ነገረቻት። እሷም ሐሙስ እስኪደርስ ጠብቃ፣ ተመርቃ፣ በማግስቱ ተሳፍራ ስትደርስ አዳራሹ ተዘግቷል። ገለጻው አልፏል፣ የዘገየ ጓደኛውን ይጠይቅ ተባለች። ጓደኛ ከየት ታምጣ? ዶርም አልጋ ሲሰጧት ሁሉ ነገር ያለቀ መሰላት። ዲፓርትመንት ሄዶ መመዝገብ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራት የለም፤ መጠየቅም አፈረች። አንዲት የዶርሟን ልጅ እየተከተለች ክፍል ገብታ ስትጽፍ ከረመች። ለምግብ ካርድ እንደሚያስፈልግ ያወቀችው እንኳ ከቤት የያዘችው በሶ ካለቀ በኋላ ነው። ፈተና ሲመጣ ስሟ የለም። ቢሮ ሄደች፤ ምዝገባው ተዘግቷል፣ ለከርሞ ነይ አሏት። ለከርሞ ደግሞ እማ ዳግም ሩቅ አገር አልሰድሽም አለች።

ኢልሀም ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «እንዴት ለእማ አትነግሪያትም?»

«ምን ብዬ? በጓን አርዳ፣ ሰው ሰብስባ፣ እያለቀሰች ነው የሸኘችኝ። ዱአሽ ነው ያስቀረኝ ልበላት?» አለች መስኡዳ። «አንቺም እንዳትነግሪያት።»

ኢልሀም ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት። ያን ሁሉ ዓመት ስትሸሻት፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ ነው ብላ አልጠየቀቻትም። አጠገቧ ተቀመጠችና ትርፉን ቢላ አንስታ አንዱን ዓሣ መፋቅ ጀመረች።

«ቀስ፣ ሥጋውን ጨረስሽው እኮ» አለች መስኡዳ። «ይሄን ማን ይገዛኛል?»

እቤት ስትመለስ ኢልሀም ለእናቷ እሁድ እንደምትሄድ ነገረቻት። ምክንያቱን አልተናገረችም። ወደጃው በቀኑ ይቀመጥ፣ እኔ ባልኖርም ዱአው ይደርሰኛል አለች። አሚናት «የሚመረቀው ሰው በሌለበት?» ብላ ፊቷን አዞረች፤ እስከ እሁድም አላናገረቻትም። ጠዋት ላይ ግን ኢልሀም ቦርሳዋን ስታነሳ ከብዷታል። ብትከፍተው በሶና ዳቦ ተጨምሮበታል።

መስኡዳ እስከ ደሴ ሸኘቻት። መናኸሪያው ላይ ስትለያት «ጥያቄ ያለው ሲሉ፣ እጅሽን አውጪ» አለቻት።

ረቡዕ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ ያለው መምህር ስለ ምዝገባው፣ ስለ ምግብ ካርዱ፣ ስለ ክሊኒኩ እየሮጠ ተናገረ፤ ማይኩ ግማሹን ዋጠው። ጥያቄ ሲል ኢልሀም እጇን አወጣች።

«ዘግይተው ለሚመጡትስ ማን ይነግራቸዋል?»

ከኋላ ሳቁ። መምህሩ «ጓደኞቻቸው» አለና ወደ ሌላ አለፈ።

ሐሙስ ስልኳ ጮኸ። መስኡዳ ነበረች፤ ስልኩን ወደ ወደጃው አስጠጋችው። ሼህ እንድሪስ የኢልሀምን ስም እየጠሩ ይመርቃሉ። ከሁሉም ድምፅ በላይ የእናቷ አሚን ይሰማል። ኢልሀም የዶርሙ ኮሪደር ላይ ቆማ አሚን አለች። መስኡዳም በእሷ ጊዜ፣ ከመሄዷ በፊት፣ አሚን ብላ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቿ ከተማ እንይ ቢሏት ቀረች። ዋናው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገቢውን ታይ ጀመር። ብዙው በስልኩ እያወራ ያልፋል። ኋላ አንዲት ልጅ ገባች፤ ሻንጣዋን ጉልበቷ መሀል አድርጋ ቆመች። ግራ ቀኝ ታያለች እንጂ ማንንም አትጠይቅም።

ኢልሀም ተነሳች። «ዛሬ ነው የመጣሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ዘገየሁ መሰለኝ።»

«ቢሮው እስከ ቀትር ክፍት ነው» አለችና ኢልሀም የሻንጣውን አንድ ማንጠልጠያ ያዘች። «መጀመሪያ ተመዝገቢ። ከዚያ ካርዱን እናወጣለን።»