ከእጅጌው በታች

«አሁን ጣቶችሽ ይንቀጥቀጡ» አለ ዳይሬክተሩ። «መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ሙሉ እጅሽ። ዜማው ሲበላሽብሽ ታቆሚያለሽ።»

ሸረሪት እጆቿን ከፒያኖው ሳታነሳ ራሷን ነቀነቀች። የለበሰችው ጥቁር የወንድ ኮት እሷን መሰል ሁለት ልጅ ይይዛል፤ ቢሆንም ማንም አልተጨነቀም። ካሜራው ከበላይዋ ተሰቅሎ የሚያየው ከእጅጌው በታች ያለውን ብቻ ነው። ፊቱ፣ ትከሻው፣ ላቡ የተዋናዩ ነው። ተዋናዩ መልኩ ያማረ፣ ድምፁ የሚያስፈራ ሰው ቢሆንም ጣቶቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፤ ፒያኖ ላይ ሲያሳርፋቸው ሊጥ የሚያቦካ ይመስላል። ይህን ያለው ራሱ ነው፤ ሰው ሳይቀድመው በራሱ መሳቅ ይወዳል።

ሸረሪት ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ጣቶቿ ከልክ በላይ ረጃጅም ስለሆኑ አንዱ ፎጋሪ ስሙን አወጣላት፣ የቀሩት አጸደቁት። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ኋላ ለመደችው፣ አሁን በሌላ ስም ቢጠሯት ዞር አትልም። ጣቶቹን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ሰው በሙዚቃውም በመጠጡም ያውቀዋል። እሷ ዐሥር ዓመት በሞላት ዓመት አረፈ። ፊልሙ የእሱ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ፎቶግራፍ ሊለምን ቤታቸው የመጣ ቀን፣ ሻይ ስታቀርብለት እጇን አይቶ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ቀረ።

አሁን የሚለማመዱት የመጨረሻውን ኮንሰርት ነው፤ አባቷ የራሱን ዜማ መሃል ላይ አቋርጦ ከመድረክ የወረደበትን ምሽት። ሸረሪት ዜማውን ከነነፍሱ ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ያስተማራት እሱ ነው። ቦታው ላይ ስትደርስ ትንሿ ጣቷን አንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እጇን በሙሉ። እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላሳያትም። አባቷ ጠዋት ጠዋት ማንኪያ ሲያነሳ የነበረውን መንቀጥቀጥ ነው ያመጣችው።

«በስመ አብ!» አለ ተዋናዩ። «ቁርጥ እሱን!»

ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «አሪፍ ነው። በጣም አሪፍ። ነገ ጠዋት እንቀርጸዋለን፤ እስከዚያ በነዚህ እጆች ሰሃን እንዳታጥቢ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ደስ አላት። ደስታው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አብሯት ሄደ። እዚያ ቆማ ያንቀጠቀጠቻትን ትንሿን ጣቷን ስታያት ግን ጠፋ።

ናፍቆት ሸረሪት ላይ የሚመጣባት በፎቶግራፍ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ፎቶ እንደሚነሳ ያወቀ ሰው ነው። እሷን የሚያሸንፋት እጅ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ረጃጅም ጣት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ብረቱን ጨብጠው ታይና መውረጃዋን ታልፋለች፤ ከዚያ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመለሳለች። ለእናቷ «ትራፊክ ነው» ትላታለች።

የአባቷ እጅ በርግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ብርጭቆ ሲያነሳ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ይንጫጫል። የጫማ ክር ማሰር ሲያቅተው ክር የሌለው ጫማ መልበስ ጀመረ። አንድ ቀን ፀጉርሽን ላበጥርልሽ ብሎ ማበጠሪያው ከእጁ ወደቀና ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ፒያኖ ጋ ሲቀመጥ ግን ይተወው ነበር። የሚያለቅስ ሕፃን እናቱ ስታቅፈው ጸጥ እንደሚል እጆቹ ጸጥ ይላሉ። ጤነኛ የሚሆንበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር፤ እሷም በልጅነቷ አባቷን በሙሉ ያገኘችው እዚያ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖ የሚጫወትበት ክበብ ድረስ አብራው ትሄድ ነበር። የላከቻት እናቷ ናት፤ ልጅቷ አብራው ካለች መጠጥ ቤት ሳይገባ ይመለሳል ብላ። ዘበኛ ተብላ የተላከችው ልጅ መጋረጃው ጥግ አጭር ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ከቅርበቷ የተነሳ ጥፍሮቹን ትቆጥራለች። ያን የመጨረሻውን ምሽትም እዚያው ነበረች። ዜማው ከሁሉ በላይ የሚረጋበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጆቹን አንስቶ ጉልበቶቹ ላይ አስቀመጣቸው። አልተሳሳተም፣ አልተንቀጠቀጠም። ቁልፎቹን ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ተነሳ፣ መጥቶ እጇን ያዘ፣ ወደ ቤት ሄዱ። መንቀጥቀጡ የተመለሰው መንገድ ላይ፣ እጇን እንደያዘ ነው።

ለምን እንዳቆመ አልነገራትም። እሷም ነገ እጠይቀዋለሁ ብላ ተኛች። ነገው ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ እሱ አረፈ። ከተማው ግን መልሱን ሳይጠይቅ አገኘው፤ መጠጡ እጁን ነሳው አለ፣ ጋዜጣም ጻፈው፣ አሁን ደግሞ ፊልም ሊሆን ነው። በእሷ እጅ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ትንሹ ወንድሟ ጠረጴዛው ስር ተኝቶ የወዳደቀ ክር ይሰበስባል። አባቱ ሲያርፍ ገና መናገር አልጀመረም ነበር።

«አንቺ ፊልሙ ላይ አባባ ነሽ?» አላት ከስር።

«እጁን ብቻ።»

«እግሩስ ማነው?»

«እግሩ ሌላ ሰው ነው።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ሰው ሳይበዛ አይቀርም» ብሎ ወደ ክሩ ተመለሰ። እናቷ በአፍንጫዋ ሳቀች።

ሸረሪት ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «እማ፣ አባባ መድረክ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት አይቼው? መጨረሻ አካባቢ ሄጄም አላውቅ።»

«ለምን?»

«ወንድምሽ ሕፃን ነበራ።» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እሱስ ሰበብ ነው። ማየት አልፈለግሁም። ሸሚዙን መቆለፍ ሲያቅተው እዚህ እያየሁት! ቁልፎቹን ሁሉ ፈትቼ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ሰፋሁለት፤ ሰው እንዳያውቅበት ከላይ የውሸት ቁልፍ ደረብኩበት። ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት እጁ ሲከዳው ደግሞ ሄጄ ልይ?»

«አልከዳውም እኮ።»

«ተይ እንግዲህ።»

«እማ ሙች፣ ፒያኖ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀንም። አጠገቡ ነበርኩ።»

ስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሳችም፤ ግን አልረገጠችውም። «ልጅ ነበርሽ» አለች በመጨረሻ፣ እርግጠኛ ባልሆነ ድምፅ።

«ልጅ ብሆንስ? ዐይን ነበረኝ።»

«እኔ ደግሞ በየቅዳሜው» አለች እናቷ «በሩን እስክትከፍቱ ድረስ ያ እጅ መብራት ስር ሲንዘፈዘፍ፣ ሰው ሲስቅበት እየታየኝ ነበር የምቀመጠው። ይኼው እስከ ዛሬም የሚታየኝ እሱ ነው።» ሱሪውን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

ከዚያ እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ እነሱ ምን አድርጊ አሉሽ?»

ሸረሪት ፊቷ ጋለ። «አንቀጥቅጪ።»

«አደረግሽው?»

«ጎበዝ አሉኝ። ነገ ጠዋት ይቀረጻል።»

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጇ ግማሽ ዙር አዞረችና አቆመችው። «ነገ ጠዋት ነው ያልሽኝ? እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ሸረሪት ኮቱን ከመልበሷ በፊት ዳይሬክተሩ ጋ ሄደች። እናቷ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከተጠላለፈው የመብራት ገመድ ኋላ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሐኪም የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ጋሼ፣ የአባቴ እጅ ፒያኖ ላይ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

ዳይሬክተሩ አልሳቀባትም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ሌላ ቦታ ሁሉ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነግረሽኛል።»

«ሌላ ቦታ አዎ። ፒያኖ ላይ ግን አይደለም። ያን ምሽት ዝም ብሎ ነው ያቆመው። እንደዚያ ላድርገው? ሳልንቀጠቀጥ ላቁም?»

«አምንሻለሁ» አለ። ያመናት ይመስላል። «ግን እንደሱ ካደረግነው ተመልካቹ ለምን እንዳቆመ አይገባውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ‹ለምን?› እያለ እንዲወጣ አልፈልግም።»

«እኔም አልገባኝም» አለች ሸረሪት። «እስካሁን ‹ለምን?› እንዳልኩ ነኝ።»

ሰውየው ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀልላት ነበር። «የኔ ልጅ፣ አላስገድድሽም» አለ ዝቅ ብሎ። በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆማት፤ አንድ ወጣት ፒያኖ ተጫዋች እዚያ ቆሞ ጣቶቹን ያፍታታል። «ካልሆነልሽ እሱ ይቀመጣል። እንዳንቺ አይሆንም፣ ግን እናብቃቃዋለን። ቅር አይለኝም። የዛሬዋን ትዕይንት ግን ዛሬ መጨረስ አለብኝ።»

ሸረሪት ወጣቱን አየችው። ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አውርታለች፤ ብትቀር ምን ዓይነት ሙድ እንደሚያዝባት ታውቃለች። እሱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ኮቱ ነው፣ ፒያኖው ነው፣ ከእጅጌው በታች ለጥቂት ደቂቃ እሱን መሆን ነው። የራሳቸው ፒያኖ ተሸጦ ከሄደ ወዲህ ወደ አባቷ እንዲህ የቀረበችበት ቦታ የለም፤ ከዚህ ተነሺ ከተባለች ሌላ እንደማታገኝም ይገባታል። አንዲት ጣት ማንቀጥቀጥ ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ሰው እንኳ አይወቅሳትም።

ወደ እናቷ አየች። እናቷ መብራቱን አታይም፣ ታዋቂውን ተዋናይ አታይም። ዐይኗ ባዶው የፒያኖ ወንበር ላይ ነው።

«እሺ» አለች ሸረሪት። «ልቀመጥ።»

ዳይሬክተሩ እፎይ ብሎ ትከሻዋን ቸብ አደረጋት። ኮቱን አለበሷት፣ እጅጌውን አስተካከሉላት፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጀመረች። ዜማው ስትነካው ያው የምታውቀው ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ የሆነ ነገር ሊናገር ይልና ይተወዋል፣ እንደገና ይመጣል። ልቧ በኃይል ይመታል፣ ጣቶቿ ግን አልሰሙትም። ወደዚያ ቦታ ተቃረበች።

«አሁን» አለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

ጣቶቿ እንደረጉ ቀጠሉ።

«አሁን!»

ሸረሪት ከንፈሯን ነከሰች። ቀኝ እጇ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ወጣ፣ ግራው ተከተለው፤ አንዲትም ጣት አልሳተችም።

«ካት» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር። ግድግዳው ጋ የነበረው ወጣት ተራው እንደደረሰ ገብቶት ቀና አለ። አንድ መብራት ጠፋ። ሸረሪት ሁሉንም ሰምታለች፤ ይህ ቦታ እንደቀረባትም አውቃለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። እጇ ግን ሥራ ላይ ስለነበር አልጠረገችውም። አባቷ እስካቆመባት ቦታ ድረስ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል ሄደች። እዚያ ስትደርስ እጆቿን አንስታ ጉልበቶቿ ላይ አስቀመጠቻቸው።

የጫማ ድምፅ ሰማች። እናቷ ገመዱን ተሻግራ፣ እንግዳ እንዳይቆምበት የተከለከለውን መስመር አልፋ፣ ካሜራው ስር መጥታ ቆማለች። የልጇን ፊት አላየችም። የምታየው ከእጅጌው በታች ያሉትን ሁለት እጆች ነው።

«እንደዚህ ነበር?» አለች እናቷ።

«እንደዚህ ነበር።»

እናቷ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ፒያኖው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ከመጀመሪያው ልየው» አለች።

ሸረሪት ዳይሬክተሩ ምን እንደሚል ዞር ብላ አልጠበቀችም። እጆቿን መልሳ ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።