የደጁ ቧንቧ

«ውኃው የሚዘጋበትን ቦታ ካላወቃችሁ ቤቱ የእናንተ አይደለም» አለ ሄንክ። በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር ቀብሯል። «ወረቀት መፈረም ቀላል ነው። ወረቀት ጎርፍ አያቆምም።»

ኮሪ ባትሪውን ይዛ ታበራለታለች። «ዋናው መዝጊያ እዚያ የለም፣ አጎቴ። ምድር ቤት ነው፤ ከማሞቂያው ጀርባ። ትናንት አግኝቼዋለሁ።»

ሄንክ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ አወጣ። ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ተጠምጥሟል። «ታዲያ እዚህ ስገባ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎህ ስትገባ አየሁህና።»

እናቷ ዊልማ ከሳጥን ውስጥ ሳህን እያወጣች ሳቀች። ኮሪ እናቷ ስትስቅ ከሰማች ቆይታለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ኖረው፣ አሁን ይህች ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳዋ ቢጫ ቤት የራሳቸው ሆናለች። የጭነት መኪና ሹፌሩ ሄንክ የእህቱን የመጀመሪያ ቤት ሊያደራጅ የሳምንት ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። የበሩን ቁልፍ ቀየረ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ለወጠ፣ ለኮሪም አዲስ ፍራሽ ገዛላት። ከዚያ በፊት ከእናቷ ጋር ነበር የምትተኛው። ፍራሹ ገና የፋብሪካ ሽታው አልለቀቀውም፤ ኮሪ ማታ ማታ አፍንጫዋን ቀብራ ታሸተዋለች።

«የቀረን የደጁ ቧንቧ ነው» አለ ሄንክ። «ዛሬ ማታ ይበርዳል። የሣር ማጠጫውን ጎማ ትነቅያለሽ፣ ከውስጥ ትዘጊያለሽ፣ ከዚያ ከውጭ ከፍተሽ የተረፈውን ታፈሺያለሽ። ካልሆነ ውኃው ግድግዳው ውስጥ በረዶ ሆኖ ይረጋና ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። የሚገርመው ደግሞ ሲሰነጠቅ ድምፅ የለውም። በረዶው ሲቀልጥ ነው ጉዱ የሚታየው።»

«አውቃለሁ። ዳልተኖች ቤት ሁልጊዜ እኔና እማ ነበርን የምንዘጋው።»

የዳልተን ስም ሲነሳ እናቷ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው።

የዳልተኖች ቤት ሩቅ አልነበረም። በወጥ ቤቱ መስኮት ሲታይ፣ ከኋላቸው ካለችው ጠባብ መንገድ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ዊልማ በአቅሟ ያገኘችው ቤት ይኸው ብቻ ስለነበር ገዛችው እንጂ ያንን ግድግዳ ዳግመኛ ማየት አትፈልግም ነበር። እሷና ኮሪ ከዚያ ቤት ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ሚስተር ዳልተን ከላይ ሆኖ ወለሉን በተረከዙ ይደበድብና «ዊልማ፣ የደጁን ቧንቧ ዝጊ» ይላል። መዝጊያው ያለው ከታች፣ ከአልጋቸው በላይ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚዘጋው ከታች ያለ ሰው ነው። ማሞቂያው ግን ከላይ ነበር። መቆጣጠሪያው ላይና ታችን ከሚያገናኘው የመሃል በር ወዲህ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ ቢሆንም፣ በላስቲክ ሳጥን ተሸፍኖ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም፣ ኮሪ ኪራይ ልታደርስ በላይኛው በር ስትገባ እንዳየችው፣ ዳልተኖች ማቀዝቀዣ ጎን ላይ ተንጠልጥሏል።

ባለፈው የበረዶ ወቅት ዳልተኖች ፀሐይ ፍለጋ ወደ አሪዞና ሲሄዱ ማሞቂያውን ዝቅ አድርገው፣ ሳጥኑን ቆልፈው፣ የመሃሉንም በር እንደ ወትሮው ቆልፈው ሄዱ። መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋገረ። ዊልማ ስልክ ስትደውል ሚስተር ዳልተን እየሳቀ፣ «ካልሲ ደርቡ እንጂ፣ ዊልማ» አላት። ካልሲ ደረቡ። ካፖርት ለብሰው ተቃቅፈው ተኙ። ዳልተኖች ሲመለሱ ዊልማ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ነበረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኮሪ ያንን ሳቅ አልረሳችም።

ሄንክ ይበርዳል ባለበት ዕለት ኮሪ የራሳቸውን ጎማ ነቅላ፣ ቧንቧቸውን ዘግታና አፍስሳ ስትጨርስ ቀና አለች። ከመንገዱ ማዶ የዳልተኖች አረንጓዴ ጎማ አሁንም ከቧንቧው ጋር እንደተያያዘ ነው፤ እንደ እባብ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ከታች የሚዘጋ ሰው የለም። ከላይ ያሉት ደግሞ ራሳቸው ዘግተው አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት ጎማው በውርጭ ነጥቶ እንደ ብረት ደርቆ ነበር። ኮሪ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነገሩ ምላሷ ላይ ነበር። ለብሪን እነግራታለሁ ብላ አስባለች፤ ብሪን የሚስተር ዳልተን ልጅና የክፍሏ ተማሪ ናት። «ቧንቧችሁን ዝጉ» ማለት ምን ይከብዳል?

ብሪን ከጓደኞቿ ጋር መተላለፊያው ላይ ቆማ ነበር። ኮሪን ስታይ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እንደሚያንጸባርቅባት ሰው ዓይኗን አጨናበሰች።

«ወይኔ፣ ፍልፈሏ ከጉድጓድ ወጣች! አሁን ትልቅ መስኮት አላችሁ አሉ። ብርሃኑ ዓይንሽን አላመመሽም?»

ልጆቹ ሳቁ። ኮሪ ምላሷ ላይ የነበረውን ዋጠችው።

«ምነው ዝም አልሽ? ልትናገሪ አልነበር?»

«ምንም» አለች ኮሪ። «ጎማችሁ ያምራል ልል ነበር።»

«ምን?»

«ምንም አልኩሽ እኮ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በወጥ ቤቱ መስኮት ታይ ጀመር። ብርዱ ጠነከረ። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰነጠቅ የምትሰማው ይመስላት ነበር። ነገሩ ደስ ይላል። ማንንም አልነካችም፣ ምንም አልሰበረችም፤ ዝም ማለት ብቻ። የቀራት በምዕራብ ካሉት የሮኪ ተራሮች የሚወርደው ሞቃት ነፋስ ነው። እሱ ሲመጣ በረዶው ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቀልጣል። ኮሪ ነፋሱን እንደ ሩቅ አገር ዘመድ ጠበቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጣሪያው መንጠባጠብ ጀመረ፣ ዛፉ ተወዛወዘ፣ ሰማዩም ምዕራቡ ላይ እንደ ቅስት ተከፈተ። ኮሪ ቁርሷን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። የሚስተር ዳልተን መኪና የለም፤ የብሪን ወንድም የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ስላለው ወላጆቿ ካልጋሪ ከተማ ሄደዋል። ሲመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው እያሰበች ዳቦዋን አኘከች።

ከዚያ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ከዳልተኖች ጓሮ ቆመች።

ሃያ ዓመት የሚሆናት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ወረደች። አንድ ሳጥን፣ አንድ የመብራት መቆሚያ፣ በውስጡ ድመት የሚጮህበት የላስቲክ ቤት አወረደች። ከዚያ ትልቅ ፍራሽ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ነፋሱ እያንገዳገዳት፣ ወደ ምድር ቤቱ በር ወረደች።

ኮሪ ዳቦዋን አስቀመጠች። ያ ፍራሽ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። እዚያ ክፍል አልጋ የሚገባበት ጥግ አንድ ብቻ ነው። የደጁ ቧንቧ ቱቦ የሚያልፈው በዚያ ጥግ ላይ ነው። ውኃ ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም።

«ምን አፈጠጥሽ?» አለ ሄንክ ከኋላዋ፣ የበር ማጠፊያ ላይ ዘይት እያንጠባጠበ።

ሮጣ ወጣች። ጫማዋን እንኳ አላሰረችም።

የምድር ቤቱ በር ክፍት ነበር። ስትገባ ድምፁን ሰማችው፤ እንደ ተቆጣ ድመት ፍሽሽ የሚል ነገር። ሴትየዋ ክፍሉ መሃል ቆማ ጣሪያውን ታያለች። ከጥጉ ጣሪያ ውኃ ፍራሹ ላይ ይረጫል፤ ከላይ ደግሞ፣ ከመታጠቢያ ቤት፣ የብሪን ዘፈን ይሰማል።

«ዝናብ አይደለም አይደል?» አለች ሴትየዋ ዞራ፣ ያልታወቀች ልጅ ቤቷ መግባቷን ረስታ። «የተረከብኩት አሁን እኮ ነው።»

«ድመቷን ያዢልኝ!» አለች ኮሪ፣ ከቤቷ ወጥታ እግሯ ሥር የገባችውን ድመት እየዘለለች።

ኮሪ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ከኋላው ያለችውን ትንሽ የእንጨት በር ገፋች፣ በጨለማው ውስጥ እጇን ሰደደች። ቀይዋን መዘውር ለማግኘት ማየት አላስፈለጋትም። በሁለት እጇ አዞረቻት። ፍሽሽታው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ከላይ ዘፈኑም ቆመ።

ከዚያ ፍራሹ ላይ ወጥታ ከጣሪያው ሥር ያለችውን የደጁን ቧንቧ ትንሽ መዝጊያ ዘጋች። እጀታዋ እስከ ክርኗ ራሰ።

«ስሜ ሊኔት ነው» አለች ሴትየዋ፣ ድመቷን ደረቷ ላይ አቅፋ። «አንቺ የቧንቧ ሠራተኛ ነሽ?»

«ኮሪ እባላለሁ። እዚህ ነበር የምንኖረው።»

የመሃሉ በር ከላይ ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ያ በር ሲከፈት ኮሪ በሦስት ዓመት ውስጥ አይታ አታውቅም። ብሪን የመታጠቢያ ካባ ለብሳ፣ ፀጉሯ በሻምፖ አረፋ ተቆልሎ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ደረጃው ላይ ብቅ አለች።

«ምን አድርጋችሁ ነው ውኃው — » ኮሪን ስታይ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውኃችሁን ዘጋሁ። ቧንቧችሁ ፈንድቷል።»

«በይ ክፈቺው! ዓይኔ እየነደደ ነው።»

ኮሪ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ እጇን መዘውሯ ላይ አሳረፈች። የደጁ ቱቦ ስለተዘጋ አሁን ቢከፈት ምንም አይሆንም። አላዞረቻትም።

«የማሞቂያውን ሳጥን ቁልፍ አምጪ።»

«የምን ቁልፍ?»

«ማቀዝቀዣው ጎን የሚሰቀለውን።»

«አብደሻል? አባቴ ይገድለኛል።»

«አባትሽ ካልጋሪ ነው።»

አረፋው በብሪን ግንባር ላይ ወረደ። በካባዋ እጀታ ጠረገችውና ባሰባት። ደረጃው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ስለሆነ በባዶ እግሯ ትረጋግጣለች። «ኮሪ፣ በናትሽ። በረደኝ እኮ።»

ኮሪ መልሱን ስንት ሌሊት በልቧ ስትለማመደው እንደኖረች ብሪን አታውቅም።

«ካልሲ ደርቢ» አለች።

ብሪን ትርጉሙ ገባት አልገባት አይታወቅም። ኮሪን ትክ ብላ አየቻት፣ ኮሪም ዓይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ ብሪን ዞራ ወጣች። ላይ አንድ ነገር ተንኳኳ። ስትመለስ ቁልፏን በሁለት ጣቷ ይዛ ለኮሪ ዘረጋችላት።

«ለእኔ አይደለም። ለእሷ።»

ሊኔት ቁልፏን ተቀብላ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሲበርድሽ ታውቂዋለሽ» አለች ኮሪ፣ መዘውሯንም አዞረች። ውኃው በግድግዳው ውስጥ እያጓራ ወጣ። ብሪን አረፋዋን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወጣች፣ በሩንም ወረወረችው። ትንሽ ቆይቶ የመታጠቢያው ድምፅ ተሰማ፤ ዘፈን ግን አልነበረም።

የኮሪ እጅ አሁንም መዘውሯ ላይ ነበር። እጇን ቀስ ብላ አነሳች። ደስ ብሏት ነበር፤ ፊቷ ሁሉ እስኪሞቅ ድረስ። ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደምትል ማሰብ ጀምራ ሳለ ሊኔት ፍራሹን በእጇ ተጫነችው። ውኃው በጣቶቿ መሃል ወጣ።

«ከእህቴ ነው የወሰድኩት» አለች ሊኔት። «መልሺልኝ እንዳትለኝ ብቻ።» ልትስቅ ሞከረች። ቀይ ኮፍያዋን አውልቃ ጨመቀችው። «ግን እንዴት አወቅሽ? ገና ሳልጮህ ነው እኮ የደረስሽው።»

«ከወጥ ቤታችን መስኮት ጎማው ይታያል። ስላልነቀሉት ቱቦው እንደሚሰነጠቅ ገባኝ።»

«ዛሬ ነው ያየሽው?»

ኮሪ «አዎ» ብትል ማንም አያውቅባትም። ድመቷ ከሳጥኑ ላይ ሆና ታያታለች።

«አይ» አለች። «ብርዱ የገባ ዕለት ነው።»

ሊኔት ፍራሹን አየች፣ ኮሪን አየች፣ እንደገና ፍራሹን። ከዚያ ጥግ የቀረው ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል።

«እኛ ቤት ትርፍ ፍራሽ አለ» አለች ኮሪ።

መንገዱን ስትሻገር ነፋሱ ከኋላዋ ገፋት። ሄንክ በሩን በአዲሱ ማጠፊያው ወዲያ ወዲህ እያደረገ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ይፈትናል። ኮሪ በአጠገቡ አልፋ መኝታ ቤቷ ገባች፣ አንሶላውን ገፈፈች፣ ፍራሹን በአንድ ጎኑ አቆመችው።

«ይሄ እኮ ያንቺ ነው» አለ ሄንክ በሩ ላይ ቆሞ።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ አጎቴ።»

ሄንክ እርጥብ እጀታዋን አየ። በመስኮቱ የዳልተኖችን ቤት፣ ሣሩ ላይ የተዘረጋውን አረንጓዴ ጎማም አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በዚያ በኩል ያዘላት።