ምስክር ሞገድ

መሬት እንደ ሁልጊዜው ከመስኮቱ ማዶ ተንጠልጥላለች። ትርሲት ቀና ብላም አላየቻት። ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በጥላበር ከተማ የሬዲዮ ክፍል ተቀምጣ የልጇን የፌቨንን ምስል ታያለች። ፌቨን የምትኖረው መሬት ላይ፣ ከአክስቷ ጋር ነው።

«እማ፣ ጥርሴ ወለቀ! እይው!»

ዛሬ ምስሉ ጥርት ብሏል። ትርሲት ግን ለምን እንደጠራ ስለምታውቅ ደስታዋ ሙሉ አልነበረም።

የጥላበር ሬዲዮ አንድን ንግግር በብዙ ቀጫጭን ሞገዶች ከፋፍሎ ይልካል። ሞገዶቹ ሳይደባለቁ የሚጓዙት በየመሣሪያው ውስጥ ያለው ሰዓት ሳያዛንፍ ሲመታ ነው። ብርድ ሲያገኘው ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሞገድ የሌላውን ቃል ይቀማል። ስለዚህ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወሬ አይሸከሙም፤ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ድምፅ ብቻ ይደጋግማሉ። ተቀባዩ የታወቀው ድምፅ ምን ያህል እንደተዛባ አይቶ ሌሎቹን ያቃናል። እነዚህ ደጋጋሚዎቹ ምስክር ሞገድ ይባላሉ።

ትላንት ትርሲት ለከተማዋ ውሃ የሚሆን በረዶ ከሚያመጣው መኪና መስመር ላይ ምስክሮቹን አንስታ ለፌቨን ምስል ሰጠች። «አንድ ቀን ቢቀሩ ምን ይሆናል?» ብላ ነበር።

አሁን መኪናው ፀሐይ ነክቶት በማያውቀው፣ ወለሉ በተሰነጠቀ ገደል ውስጥ ነው። በድንገት ከሹፌሩ ከናሁሰናይ የሚመጣው ድምፅ ተቆራርጦ እርስ በርሱ ተዋጠ። አንድ ቃል አይለይም። ትርሲት ልጇን ሳትሰናበት ምስሉን ዘጋች። ምስክሮቹ እንዲመለሱ ትእዛዝ ላከች፤ መኪናው ግን ትእዛዙንም አልሰማም። የያዘው አየር ደግሞ ለደርሶ መልስ ያህል ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። የናሁሰናይ እናት አስካለች ከአትክልት ቤቱ መጣች፤ እጇ አፈር ነክቶታል።

«ዛሬ ሰላም ሳይለኝ ወጣ እኮ። ደረሰ?»

ትርሲት ድምፁን ከፈተችላት።

«ምነው፣ ገደል ውስጥ ሽንኩርት ያቁላላል እንዴ?» አለች አስካለች እየሳቀች። ከዚያ የትርሲትን ፊት አየች። ሳቋ ጠፋ። ማይክሮፎኑን ነጠቀቻት።

«ናሁዬ! እንደምን አደርክ? ደህና ነህ ወይ?»

ትርሲት ልትከለክላት እጇን ዘረጋች። ስንቴ «ሰላምታችሁን አሳጥሩ፣ መስመር ትፈጃላችሁ» ብላ ተቆጥታቸዋለች። ናሁሰናይ ግን የእናቱን ዜማ ከጩኸቱ ውስጥ ለይቶት ኖሯል፤ የተቆራረጠ መልስ መጣ። ቃሉ አይሰማም፤ ሆኖም ምን እንዳለ በጥላበር የማያውቅ የለም። ጭንቅ ውስጥም ሆኖ የሚለው ያው ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረ?»

የትርሲት እጅ አየር ላይ ቀረ። የታወቀ ድምፅ!

«አያቁሙ፣ እትዬ! ደግመው ይጠይቁት!»

«ጉልበቴን እየጠየቀኝ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እሱን ነው!»

ትርሲት ከዚህ ቀደም የተቀዳ ሰላምታውን አውጥታ ከዛሬው ጎን አስቀመጠችው። የሁለቱ ልዩነት የሰዓቱ መንቀጥቀጥ ነበር። ያንን ከድምፁ ላይ አነሳች። የምትልከውንም ቃል፣ እሱ ዘንድ ሲደርስ እንዲቃና፣ አስቀድማ በተቃራኒው አዛባችው።

«...መብራቴ ጠፍቷል። ስንጥቁ በየት በኩል ነው?» አለ ናሁሰናይ።

ትርሲት የገደሉን ካርታ አየች። «በግራህ! ቀኙን ይዘህ ውጣ!»

አንዷ ሰላምታ እየደጋገመች፣ አንዷ መንገድ እየመራች፣ መኪናው ብርሃን ላይ ወጣ።

አስካለች በዚያ አፈር በነካው እጇ የትርሲትን ጉንጭ ያዘች። «የኔን እንዳተረፍሽልኝ፣ ያንቺን ያሳድግልሽ።»

ምርቃቱ አቃጠላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።

«እትዬ... መስመሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለፌቨን ብዬ።»

አስካለች እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ወደ አትክልት ቤቱ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ትርሲት አቀረቀረች። አስካለች ግን ቆመች።

«እንደምን አደርሽ፣ ትርሲት?»

ያው የየዕለቱ ቃል ነበር። ትርሲት ቃሉን ከነዜማው ስለምታውቀው፣ ምን ያህል እንደተዛባ ሰማች። ይህን የሚያቃና መሣሪያ በጥላበር አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት አደረ?»

ሰላምታውን ለማሳጠር አልደፈረችም።